ያልታሰበ ወንበር፦ የኢትዮጵያ ሊቃውንት በባሕር ማዶ ያስተማሩበት ታሪክ

የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ በባሕር ማዶ ማስተማር ከጀመረ አምስት መቶ ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሥራውን ፈልጎና አመልክቶ ያገኘው ጥቂት ነው። የሚበዙት ለሌላ ጉዳይ የወጡ፣ ወይም ሳይወዱ የተሰደዱ፣ ያላሰቡት በር የተከፈተላቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ቅዱሳት መካናትን ሊሳለም ወጥቶ ሮም ቀረ፤ አንዱ በሃይማኖት ጠብ አገሩን ለቀቀ፤ አንዱ ሥዕል ሊማር ሄዶ የቋንቋ መምህር ሆነ፤ አንዱ በጥይት ቆስሎ ለሕክምና ወጣና በዚያው ወንበር ተዘረጋለት። ታሪካቸው ሲነበብ የዕድል ነገር ብቻ ይመስላል። ዕድሉን የፈጠረ ግን አንድ የቆየ ጉድለት ነበረ፤ አውሮፓ ኢትዮጵያን ማየት ከቻለች በኋላም ለብዙ ዘመን መጻሕፍቷን ማንበብ አልቻለችም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉድለቱ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ላስታ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ከአገሩ መልእክተኞች ጋር ምፅዋ ወርዶ እስከ 1526 በኢትዮጵያ ቆየ። በዚያ ጊዜ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አየ፤ ይምርሐነ ክርስቶስንም ጎበኘ። ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በከፍተኛ ተራራ ላይ ባለ ሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነፀ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነገሠው፣ ንግሥናን ከክህነት ያስተባበረው ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ በ12ኛው መቶ ዘመን እንዳሠራው ይነገራል። ከዐለት የተፈለፈለ አይደለም፤ በጥንቱ የአክሱም አሠራር አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተደራረበ የቆመ ነው። በውስጡ ያሉት ሥዕሎች በኢትዮጵያ እስካሁን ከታወቁት የቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች መካከል እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ይመደባሉ። ከሕንፃው ጀርባ፣ በዋሻው ውስጠኛ ክፍል፣ የብዙ ሰዎች አፅም ተከማችቶ ይታያል፤ ከሩቅ አገር መጥተው እዚያው ያረፉ ምእመናን ናቸው ይባላል።

አልቫሬዝ ዋሻውን፣ ሕንፃውንና መቃብሮቹን አይቶ ጽፏል። መጽሐፉ በ1540 በሊዝበን ታተመ። ስለ ላሊበላ ሲጽፍ አንባቢ እንዳያስተባብለው ሰግቶ፣ ያየሁት እውነት ነው ብሎ በእግዚአብሔር ስም ምሏል። ሰውየው ሐቀኛ ተመልካች ነበር፤ ዛሬም ለላስታ ታሪክ ያለ እሱ ምስክርነት ብዙ ነገር ይጎድላል። ግን ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው ንጉሥ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተቀበለ፣ ከማን እንደተወለደ የሚናገረው ገድል የተጻፈው በግእዝ ነው፤ አልቫሬዝ ደግሞ የሰማውን ሁሉ የሰማው በአስተርጓሚ ነው። መጽሐፉን ያነበበው አውሮፓዊ ላስታ መኖሯን አወቀ፤ የላስታን መጽሐፍ ግን የሚያነብለት ሰው አልነበረውም። በባሕር ማዶ የተከፈተው የማስተማር ሥራ ሁሉ ከዚህ እጦት የተወለደ ነው።

መጽሐፉን የሚያነበው ሰው በአገሩ በኢትዮጵያ ሞልቷል። ከላስታ በስተደቡብ ያለው ዋድላ በቅኔ ትምህርት ስመ ጥር ነው፤ የዋድላ ቅኔ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በአንድነት የሚጠራ ትልቅ ቤት አለው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ እየለመነ ከየኔታ እግር ሥር ይቀመጣል። ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያ ዜማ፣ ከዚያ ቅኔ፣ ዕድሜና ጤና የሰጠው ደግሞ ትርጓሜ መጻሕፍትን ይዘልቃል። አንዱን ጉባኤ አስመስክሮ ወደ ሌላው ሲሻገር ከአገር አገር ይዞራል፤ ሃያ ዓመት የሚፈጅበትም አለ። የትምህርቱ መጨረሻ የደብር አለቅነት፣ መሪጌታነት ወይም የራስን ወንበር ዘርግቶ ማስተማር ነው። ለባሕር ማዶ ሥራ ብሎ የተማረ ማንም አልነበረም። ነገር ግን ትምህርቱ በቃል የተያዘ ስለሆነ ሊቁ በሄደበት አብሮት ይሄዳል፤ ባዶ እጁን የተሰደደ ሰው እንኳ ዳዊቱን፣ ቅዳሴውንና አንድምታውን ይዞ ነው የሚወጣው።

የመጀመሪያው የታወቀ አጋጣሚ የተገኘው በሮም ነው። ኢየሩሳሌም ከሚገኘው ማኅበራቸው ተነሥተው ወደ ሮም የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ያርፉ ነበር። በ1511 የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን ሲዘምሩ ሰማቸው። ከማያውቀው ልሳን መካከል የሚያውቃቸውን ስሞች ለይቶ፣ የሚዘምሩት ዳዊትን መሆኑን ጠረጠረ። ከመካከላቸው ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባሉትን ይዞ ግእዝ ተማረ፤ በ1513 መዝሙረ ዳዊት በሮም ታተመ። በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ቶማስ ሊሳለሙ መጥተው የመጀመሪያው መምህር ሆኑ። ፖትከን የማያውቀውን ዜማ ሰምቶ ቢያልፍ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይዘገይ ነበር።

ከእሳቸው ቀጥለው የመጡት የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው፤ በአውሮፓ ጴጥሮስ ይባላሉ። ሮም የደረሱት በ1530ዎቹ ነው። በዚያው ዘመን በአገራቸው የግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትንና መጻሕፍትን ያቃጥል ነበር። ተስፋ ጽዮን በጳጳሱ ጳውሎስ ሣልሳዊ ድጋፍ፣ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው፣ በ1548 እና በ1549 አዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። በእጃቸው ያለው የሐዋርያት ሥራ ቅጂ የተሟላ ስላልነበረ የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ መልሰው ሞሉ፤ ፊደል የሚለቅሙት ሠራተኞች ግእዝ የማያውቁ መሆናቸውን ጠቅሰውም ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ለምነዋል። ጣልያናዊው ማርያኖ ቪቶሪ ከእሳቸው የተማረውን ይዞ በ1552 የግእዝን ሰዋስው በላቲን አሳተመ። በአውሮፓ የታተመ የመጀመሪያው የግእዝ ሰዋስው ነው፤ የደራሲው ስም ግን የቪቶሪ ነው። ዕውቀቱ ከደብረ ሊባኖስ፣ ስሙ ከሮም የሆነበት ልማድ የተጀመረው ከዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ቆይቷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከላስታ በስተደቡብ በምትገኘው በቤተ አማራ፣ የዛሬው ወሎ ውስጥ፣ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ዘመናቸው የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ሲቀበሉ ጎርጎርዮስም ተቀበሉ፤ ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያንም ተጠጉ። በ1632 ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ አዲሱ ንጉሥ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ጎርጎርዮስም ከተባረሩት ጋር ወጡ። ከብዙ መንከራተት በኋላ ሮም ገብተው በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተጠጉ። ከዚያ ወዲያ በኢትዮጵያ ቦታ የሌላቸው፣ በአውሮፓም ከምጽዋት በቀር መተዳደሪያ ያልነበራቸው ስደተኛ ሆኑ።

በ1649 አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ሮም ደረሰ። ስሙ ሂዮብ ሉዶልፍ፣ የኤርፉርት ልጅ ነው። የመጣው ለኢትዮጵያ ጉዳይ አልነበረም፤ በፓሪስ የነበረው የስዊድን መልእክተኛ የአንድ ስዊድናዊ ሊቀ ጳጳስን የቀሩ ጽሑፎች እንዲፈልግለት ልኮት ነው። ጽሑፎቹን አላገኘም። ግን ቀደም ብሎ ከታተመው መዝሙረ ዳዊትና ከሌሎች ጥቂት መጻሕፍት ለብቻው ግእዝ ሲማር ቆይቶ ስለነበር ኢትዮጵያውያኑን ፈልጎ ሄደ። አነባበቡን ሰምተው ሳቁበት፤ የጻፈውን ሲያዩ ግን ገባቸው። ከአራቱ መነኮሳት መካከል ጎርጎርዮስ መልስ የማይሰለቻቸው ሆነው ተገኙ። ሉዶልፍ ጥያቄ አያልቅበትም፤ ጎርጎርዮስም የአውሮፓውያንን የሰዋስው አካሄድ ባያውቁም ቋንቋውን ከነነፍሱ ያውቁታል። ወዳጅነታቸው በዚያ ጀመረ፤ ሉዶልፍ ወደ ጀርመን ከተመለሰ በኋላም በደብዳቤ ቀጠለ።

ቀጣዩ ነገር ማንም ያልጠበቀው ነበር። ሉዶልፍ ያደረለት የጎታው መስፍን ኤርንስት ስለ ኢትዮጵያ ክርስትና ማወቅ ፈለገና ጎርጎርዮስን አስጠራ። ጀርመን ከሠላሳው ዓመት ጦርነት ከወጣች ገና አራት ዓመቷ ነው፤ ጦርነቱ ደግሞ በካቶሊክና በፕሮቴስታንት መካከል የተጫረ ነው። ካቶሊክ የሆነ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ የሉተራዊ መስፍን እንግዳና መምህር ሆኖ መጠራቱ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። ጎርጎርዮስ በ1652 የአልፕስን ተራራ ተሻግረው በሰኔ ጎታ ገቡ፤ ገና ሥራው ባልተጠናቀቀው በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተቀመጡ። መስፍኑና አማካሪዎቹ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ስለ ንጉሡ አገዛዝ ይጠይቃሉ፤ ሉዶልፍ ያስተረጉማል፤ መልሱ ይጻፋል። ከጉባኤው ውጭ ደግሞ ሉዶልፍ አማርኛ ይማራል። በመስከረም፣ የአውሮፓ ብርድ ሳይጠና፣ ጎርጎርዮስ ተመለሱ። የቆዩት ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

ከነዚያ ወራትና ከደብዳቤዎቹ የወጣው ሥራ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀለበ። ሉዶልፍ በ1661 የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1691 የታሪኩን ማብራሪያ፣ በ1698 የመጀመሪያውን የታተመ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። ሉዶልፍ የመምህሩን ውለታ አልደበቀም፤ ጎርጎርዮስ እንዲህ ነገረኝ እያለ ደጋግሞ ይጠቅሳቸዋል፤ ለዚህ ክብር ይገባዋል። ጎርጎርዮስ ግን ከመጻሕፍቱ አንዱን እንኳ አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ዛሬ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል በሂዮብ ሉዶልፍ ስም ይጠራል። ከጎኑ የጎርጎርዮስ ስም ቢኖር ፍትሕ ነበር።

ከጎርጎርዮስ በኋላ ረጅም ዝምታ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አውሮፓ ቅኝ ግዛት ስትቀራመት ነገሩ ተለወጠ፤ መንግሥታት ለሹማምንቶቻቸውና ለነጋዴዎቻቸው የምሥራቅ ቋንቋ የሚያስተምሩ ተቋማት አቋቋሙ፤ የአገሬው ተናጋሪ በደመወዝ የሚቀጠርበት ቦታ ተፈጠረ። በዚህ ቦታ የተቀመጡት ሁለት ኢትዮጵያውያን እጅግ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1868 በዘጌ ተወለደ። በ1887 ወደ ጣልያን የተላከው ሥዕል እንዲማር ነው፤ በቱሪንም ተማረ። በዐድዋ ጦርነት ጊዜ ከጣልያን ወገን ቆመ፤ ይህ ክሕደት በስሙ ላይ ለዘላለም የሚቀር ነው። ወደ አገሩ መመለስ የማይችል ሰዓሊ ሆኖ ሳለ በ1902 በኔፕልስ የምሥራቅ ተቋም የአማርኛ መምህር ፍራንቸስኮ ጋሊና ረዳት አደረገው። ከዚያ ወንበር የአማርኛ ሰዋስው በጣልያንኛ፣ የአማርኛ ግሥ ጥናት፣ በ1908 ደግሞ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው «ልብ ወለድ ታሪክ» ወጡ። የአገር ፍቅርን ለሚመዝን ሰው አፈወርቅን መውደድ ይከብዳል፤ የአማርኛን ስድ ንባብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሊያልፈው አይችልም።

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በበጌምድር ይፋግ ተወልደው በምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አደጉ፤ የቤተ ክርስቲያንንም ትምህርት ጠልቀው ያውቁ ነበር። በ1905 የጀርመን መንግሥት መምህር እንዲላክለት አፄ ምኒልክን ጠየቀ፤ ታዬም ተልከው በበርሊን የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም ግእዝና አማርኛ አስተማሩ፤ በ1908 ተመለሱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ በአገራቸው ንጉሥ ፈቃድ፣ በክብር ሄደው በጤና የተመለሱ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። በአገራቸው የጠበቃቸው ግን የሃይማኖት ክስና እስራት ነበር። «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የሚለው መጽሐፋቸው ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1924 ዐረፉ።

የ20ኛው መቶ ዘመን ትልቁ አጋጣሚ የተገናኘው ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ጋር ነው። በአሜሪካ ሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚባል ቦታ፣ የቤኔዲክት መነኮሳት የቅዱስ ዮሐንስ ገዳምና ዩኒቨርሲቲ አላቸው። በ1965 የገዳማት ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የሚያሰባስብ ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ፤ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ያየ ትውልድ ሌላ ጦርነት የቀረውን ያጠፋዋል ብሎ ይሰጋ ነበር። በ1973 ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ጋር ተስማምተው በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ተመሠረተ። ከየገዳሙና ከየደብሩ የተነሡ ፊልሞች ኮሌጅቪል መድረስ ጀመሩ። የላስታም መጻሕፍት ከመካከላቸው ናቸው፤ በላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ያለው፣ የንጉሥ ላሊበላን የርስት ስጦታ የመዘገበው ወንጌል አንዱ ነው። ፊልሙ ተከመረ። ግእዙን አንብቦ፣ ዘመኑን ለይቶ፣ ይዘቱን የሚመዘግብ የአገሩ ሊቅ ግን ያስፈልግ ነበር።

ጌታቸው ኃይሌ በ1931 በሸንኮራ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከዘመናዊው ጋር አጣምረው በካይሮ፣ ቀጥሎም በጀርመን ቱቢንገን ተምረው በ1962 በሴማውያን ቋንቋዎች ዶክትሬት አገኙ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ውጭ አገር የመቅረት ዕድል ነበራቸው፤ አልተጠቀሙበትም። አብዮቱ ሲፈነዳ በመማክርት ጉባኤ ተመርጠው ሐሳባቸውን በግልጽ ተናገሩ። በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸውን ከበቡ፤ በተኩሱ አከርካሪያቸው ተመታ፤ ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ። በ1976 የኮሌጅቪል ቤተ መጻሕፍት ጠራቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ሚኔሶታ ገቡ።

የእግሩን ኃይልና አገሩን ባንድ ጊዜ ያጣ ሊቅ፣ ሊያነቧቸው ወደማይችሉ ሰዎች የአገሩ መጻሕፍት ቀድመውት ደርሰው አገኘ። ጌታቸው ከዚያ በኋላ ሰሜን ሸዋም ሆነ ላስታ ወጥተው ብራና መግለጥ አልቻሉም፤ ብራናው ግን በፊልም ፊታቸው ቀረበ። ከአራተኛው ቅጽ ጀምሮ የቤተ መጻሕፍቱን ዝርዝር መዝገብ ለብቻቸውና ከሥራ ባልደረባቸው ከዊልያም ማኮምበር ጋር አዘጋጁ፤ አሥረኛው ቅጽ በ1993 ወጣ። አሥሩ ቅጾች አምስት ሺህ ብራናዎችን ይሸፍናሉ። የኢትዮጵያን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ የሚያጠና ማንኛውም ሰው ዛሬ ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ መዝገብ ነው ቢባል አልተጋነነም። ለአገራቸው አንባቢም «ባሕረ ሐሳብ»ን እና «ደቂቀ እስጢፋኖስ»ን በአማርኛ አበረከቱ። በ1988 ትልቁን የአሜሪካ የማክአርተር ሽልማት ተሸለሙ፤ በ2021 ዐረፉ። እንደ ቶማስና እንደ ተስፋ ጽዮን ሳይሆን፣ የሠሩት ሁሉ በስማቸው ታትሟል። በሁለቱ ዘመናት መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

የይምርሐነ ክርስቶስ ገድልም በመጨረሻ ለውጭ አንባቢ የደረሰው ተራ በተራ በተተከሉት በእነዚህ ወንበሮች አማካይነት ነው። ጣልያናዊው ፓውሎ ማራሲኒ የግእዙን ጽሑፍ ከጣልያንኛ ትርጉም ጋር በ1995 አሳተመው፤ አሳታሚው አፈወርቅ ያስተማረበት የኔፕልስ ተቋም ነው። አልቫሬዝ ዋሻውን አይቶ ከሄደ ከ470 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የግድግዳ ሥዕሎቹን ደግሞ ተመራማሪዋ ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካና የቶሮንቶው የታሪክ መምህር ማይክል ጀርቨርስ አጥንተው በ2001 የመጀመሪያ ዘገባቸውን አቀረቡ።

ከዚያው ከቶሮንቶ የመጣው የቅርብ ጊዜ አጋጣሚ ከቀደሙት ሁሉ ይለያል። ጀርቨርስ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት እንዲጀመር ከራሳቸው ገንዘብ አወጡና ሌላውም እንዲያዋጣ ጠየቁ። በ2016 ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ቶሮንቶ የተወለደው ዘፋኝ አቤል ተስፋዬ 50,000 ዶላር ሰጠ፤ በጥር 2017 የግእዝ ትምህርት ተጀመረ። ከአቤል ሌላ በአበበ ቢቂላ ስም የተጠራው የቢቂላ ሽልማት ድርጅትና የከተማው ኢትዮጵያውያን ገንዘብ ማሰባሰቡን ቀጠሉ፤ በ2020 የታሰበው 500,000 ዶላር ሞላ። ይህ ገንዘብ ዋናው ሳይነካ ትርፉ ትምህርቱን የሚያስቀጥል ነው። ወንበሩ እንዲዘረጋ ሊቅ መሰደድ ወይም መቁሰል አላስፈለገም። የዋድላ ቅኔ ቤት መምህራን ግን ዛሬም ያለ ደመወዝ፣ ተማሪው ለምኖ በሚያመጣው ቁራሽና በምእመናን እርዳታ ያስተምራሉ። በቶሮንቶ የሆነው እዚያም እንዲሆን ማድረግ የሚችሉት በውጭም በአገር ውስጥም ያሉ የዚህ ትምህርት ወዳጆች ናቸው።